በጀሶ የተያዘው እግር

ዕቃ ቢጠፋባችሁ ለእኔ አትንገሩኝ። ከክፋት አይደለም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የዶርም ጓደኞቼ ደስ እንዲላቸው ወረፋ የምይዝ፣ ማንም ሳያዘኝ ውኃ የምቀዳ ሰው ነኝ። ነገር ግን በቀደም አንዱ ልጅ «ሳሙናዬን ማን ወሰደው?» ሲል ሰማሁና ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ወጥቼ ቤተ መጻሕፍት ተደበቅሁ። ሳሙናው ከራሱ አልጋ ሥር ተገኘ አሉ። ይገኝ። እኔ ከሳሙናው ጋር አብሬ መገኘት አልፈለግሁም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ፎረንሲክ ተምሬአለሁ።

ፎረንሲክ ማለት ወንጀልን በሳይንስ መመርመር ነው። የጣት አሻራ ማንሳት፣ ዱካ መለካት፣ አንዲትን ፀጉር በአጉሊ መነጽር እያዩ መጨነቅ። ይህ ትምህርት ሰሊጥና ማሽላ በሚታጨድባት የሱዳን ድንበር ቆላ፣ ኮኪት፣ ምን ሊሠራ መጣ ትሉ ይሆናል። የመጣው ከኬሚስትሪ መምህራችን ከቲቸር ዮናስ ጋር ነው። ቲቸር ዮናስ ወጣት ነው፣ ለሙያው የሚንገበገብ ነው፣ ከደጋ ስለመጣ ደግሞ ፊቱ ሁልጊዜ እንደ በርበሬ ይቀላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ከመደበኛው ሌላ አንድ የምርጫ ትምህርት ያዙ ተባልን፤ ምርጫው ኮምፒውተርና ፎረንሲክ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ኮምፒውተር አለ። ስለ ኮምፒውተር ያለን ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ከትምህርት ቤቱ ክፍሎች የጣሪያ ማራገቢያ ያለው የኮምፒውተሩ ክፍል ብቻ ነው። ቆላ ውስጥ ሰው ሙያውን የሚመርጠው በነፋሱ ነው።

«ፎረንሲክ የሚመርጥ?» አለ ቲቸር ዮናስ።

ሁሉም አቀርቅሮ ደብተሩን ያገላብጣል።

«አንድም ሰው?»

መምህሩ በመስኮት ወደ ጎንደር መንገድ ተመለከተ። ወደ አገሩ የሚመልሰውን መኪና የሚፈልግ መሰለኝ። አንጀቴን በላኝ። እጄ እኔን ሳያማክር ወጣ። እኔ ከወላጆቼ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር መምህርን አለማሳዘን ነው፤ ያ እጅ ያን ቀን ቢሰበር ኖሮ ግን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በኋላ ባለ ማራገቢያው ክፍል የሞላባቸው ልጆች ተጨመሩና ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር መማር ጀመርን።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፦ የነካ ሁሉ ምልክት ትቶ፣ ምልክት ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው፦ ማስረጃ የያዘ ከረጢት ሁሉ ስም ይጻፍበታል፤ ስም የሌለው ከረጢት የማንም ነው። ሁለቱንም በቃሌ ያዝኳቸው። ሁለተኛዋን እንድታስታውሷት እለምናችኋለሁ። እኔ በሚያስፈልገኝ ቀን ረስቻታለሁ።

ቤት ስገባ ልምምድ ጀመርኩ። ከሰል ወቅጬ፣ የአባቴን የጢም መላጫ ብሩሽ ወስጄ፣ በየብርጭቆው ላይ ጥቁር ዱቄት እነሰንሳለሁ።

«ሰው ልጁን ሲያስተምር ቤቱ ይጸዳል፤ የእኔ ልጅ በተማረ ቁጥር ቤቴ ይጠቁራል» አለች እናቴ።

አሻራ ለማንሳት የለመንኩት የመጀመሪያ ሰው ጋሼ ታደለ ነው። ጋሼ ታደለ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ይወርዳል፤ ከግቢያችን ጥግ ያለችው ጎጆ የእሱ ናት። አጭር፣ ሳቂታ፣ ሲያጭድ የሚዘፍን ሰው ነው። ጣቱን በቀለም ነክሬ ወረቀት ላይ ባሳርፈው ልሙጥ ጥቁር ክብ ወጣ። መስመር የሚባል የለም።

«ጋሼ ታደለ፣ አሻራ የለህም።»

«አሻራዬንማ ሰሊጡ በልቶታል አንተዬ» አለኝ እየሳቀ። «ከፈለግኸው ካባትህ ማሳ ላይ ልቀመው።»

በመጨረሻ ቲቸር ዮናስ ተግባራዊ ሥራ ሰጠን። እያንዳንዱ ተማሪ ከአካባቢው አንድ እውነተኛ ጉዳይ መርምሮ ያቀርባል። ማርኩ ከባድ ነው። ችግሩ ግን ሰፈራችን ሰላም ነበር። ሰው ሰሊጡን ሜዳ ላይ ከምሮ ይተኛል፤ ማንም አይነካበትም። የክፍል ጓደኞቼ የጠፋች ዶሮ፣ የተሰበረ ጀሪካን አገኙ። እኔ ምንም አጣሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሌባ እንዲልክልኝ ተሳልሁ።

ስለቴ ሰመረ። የአባቴ ስልክ ጠፋ።

ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው፤ ድምፁ ግን ከድንበሩ ማዶ ይሰማል። የክራር ጥሪ ነበረው፤ ሲጮህ ፍየሎቻችን ይበረግጋሉ። አባቴ ፊቱን ሊታጠብ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው፣ ሲመለስ የለም። ሰሊጥ የሚገዛው ነጋዴም፣ ትራክተር የሚያከራየውም፣ ሱዳን ያለው ወንድሙም ያሉት እዚያ ስልክ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ አዘነ። ደስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ሄደ።

ከጓሮ ስመለስ እናቴን በሙያው ቋንቋ አስጠነቀቅኋት። «እማ፣ ማንም ምንም እንዳይነካ። ነገ ቲቸር ይመጣል።»

ጥፋቴ ሁለቱን ነገር አከታትዬ መናገሬ ነው። በእኛ አገር «መምህር ይመጣል» ከተባለ በኋላ ከፊቱ የተባለው ሁሉ ይሰረዛል። በማግስቱ ስነሣ ወለሉ አዲስ እበት ተለቅልቆ እንደ መስታወት ያበራል። ግቢው ተጠርጎ ውኃ ተረጭቷል። የመስኮቱ ደፍ በሳሙና ታጥቧል።

«እማ! ማስረጃው!»

«ምን ሆነሃል? መምህር በዚያ ቆሻሻ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

የተረፈውን ደግሞ ጎረቤት ጨረሰው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ይጽናናል፤ ወጉ ነው። «አይዞህ፣ የብረት ነገር ነው፣ ይተካል» እያሉ ሰፈሩ በሙሉ ገባ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ መስኮቱ ይሄድና «እዚች ላይ ነው ያስቀመጥኸው?» ብሎ መዳፉን በሙሉ ያሳርፍበታል። በዚያች ደፍ ላይ አሻራው የሌለ የኮኪት ሰው ቢኖር ሌባው ብቻ ነው ብዬ አሰብሁ። እሱም መጥቶ ሳያጽናና አልቀረም።

ቲቸር ዮናስ መጣ። ዶሮ ተሠርቶ ነበር። በላ፤ ድገም ተባለ፣ ደገመ። እጁን ታጥቦ ማስታወሻውን አወጣና በኩራት ጠየቀ።

«ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ የቱ ጋ ነው?»

«እርስዎ የተቀመጡበት» አለች እናቴ።

ተስፋ ልቆርጥ ስል ከመስኮቱ በስተውጭ አንድ ነገር አየሁ። እናቴ ጭቃ ስለሆነ ያልጠረገችው ቦታ ላይ፣ በጥቁሩ መሬት ላይ፣ ጥርት ያለ የጫማ ዱካ። ቲቸር ዮናስ ዱካ የሚነሣው በጀሶ እንደሆነ አስተምሮናል። ግድግዳ ከሚያሳምር ጎረቤት ጀሶ ለምኜ በጥብጬ አፈሰስሁት። የኛ ፀሐይ ጀሶን ቶሎ ያደርቃል፤ ቢሆንም እስኪደርቅ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ተሰበሰበ። ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተጠበቀችም። ቀስ ብዬ አንሥቼ ገለበጥሁት። የኮንጎ ጫማ ነው፣ አጫጁ ሁሉ የሚያደርገው የላስቲክ ጫማ። ተረከዙ ላይ ግን በሽቦ የተሰፋ ጠባሳ አለ።

«ይህን ጫማ የሚያውቅ አለ?» አለ ቲቸር ዮናስ።

እንደ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። እላችኋለሁ፣ ያ እጅ ነው የፈጀኝ።

«ቲቸር! የጋሼ ታደለ ነው!»

«ጎበዝ!» አለኝ።

ከጎበዝ በኋላ የመጣውን አልረሳውም። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ስለ ጫማው ነው የተናገርሁት፤ ሕዝቡ የሰማው ግን ስለ ሰውዬው ነው።

ጋሼ ታደለ ከጎጆው ወደ መንገድ የሚወጣው በዚያ መስኮት ሥር ነው። ይህን ማንም ያውቃል። ዱካው በበሩ ላይ አለ፣ በውኃ መቅጃው አለ፣ በሽንት ቤቱ መንገድ አለ። እኔ ግን አንዱን ብቻ በጀሶ አነሣሁትና እሱ ማስረጃ ተባለ፤ ሌላው ዱካ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ወሬው እርሻው ላይ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ጋሼ ታደለ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ካላለፍሁ እንደ ወፍ በጣሪያ ልውጣ?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ ትምህርት ነው። ስሜን ግን ምን አረግኸው?» ሲል ይህ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው አልሳቀም። «ዛሬ እንደ ወትሮው ከአጫጆቹ ጋር ልበላ ብቀመጥ ተነሥተው ሄዱ።»

ሰሊጥ አይታገሥም። ከደረሰ በኋላ ቢዘገዩበት አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የሚፈልገው እጅ ነው። ሌባ የተባለን እጅ ግን የሚፈልግ የለም። ስሙ እንደ ጠፋ ወደ ጎጃም ከተመለሰ ደግሞ ወሬው በሚቀጥለው መኪና ይከተለዋል።

ስሙን ልመልስለት ተነሣሁ። ከቤት ቤት እየዞርሁ «ጫማው የእሱ ነው እንጂ እሱ ሌባ ነው አላልሁም» አልሁ።

«ታዲያ ጫማው ብቻውን መጣ?» አለችኝ አንዷ።

«ሳይንስ ሊሳሳት ይችላል» ስል ሌላው «ታዲያ ለምን ያስተምሩሃል?» አለኝ። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየጸና ሄደ። በፊት ጥርጣሬ ነበር፤ እኔ ከዞርሁ በኋላ «በጀሶ የተረጋገጠ» ሆነ። እንቅልፍም ምግብም እንቢ አለኝ። የቀረኝ ነገር የአባቴን ስልክ መደወል ብቻ ነበር። ስሄድም ስቀመጥም እደውላለሁ፤ ያቺ የማትደክም ሴት ስልኩ ዝግ መሆኑን ትነግረኛለች።

በመጨረሻ ጋሼ ታደለ ራሱ አያ ፈንታ ዘንድ ሄደ። አያ ፈንታ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። «አያ፣ አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ» አለ። እሳቸውም እሺ አሉ።

የአያ ፈንታ አውጫጭኝ ወጉ እንዲህ ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው አመድ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ዕቃውን የወሰደ ሰው በአመዱ ውስጥ ይደብቀዋል። ከጸሎት በኋላ ሁሉም በተራ ከተወጠረ ሸራ ጀርባ እየገባ አመዱን አንድ ክምር ላይ ይደፋል። ዕቃው ከክምሩ ውስጥ ይወጣል፤ ማን እንደ ጣለው አይታወቅም። እንዳይታወቅም ነው ሸራው። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ የጠየቀ፣ የጠቆመ፣ ያሽሟጠጠ የተወገዘ ነው።

እኔ በሙያዬ ቅር አለኝ። «አያ፣ ታዲያ ጥፋተኛው ሳይታወቅ እንዴት ይሆናል?»

«ልጄ፣ እኛ የምንፈልገው ስልኩን ነው ወይስ ሰው?» አሉኝ።

ሰው ነው ልላቸው ነበር፤ ማርኩ ያለው ሰውየው ላይ ነው።

ቀኑ ደረሰ። እናቴ አመዱን ሞልታ የፌስታሉን አፍ በነጭ ክር አስራ ሰጠችኝ። ዋርካው ሥር ስንደርስ ፌስታላችንን መሬት ላይ አስቀምጠን ለጸሎት ቆምን። የሁሉም ፌስታል ጥቁር ነው፤ ኮኪት ሌላ ዓይነት ፌስታል አይሸጥም። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ። እኔም አነሣሁ። ስም የሌለው ከረጢት የማንም ነው የሚለውን የተማርሁት እኔ፣ ከመካከላቸው ብቸኛው ተማሪ፣ ሳላይ አነሣሁ።

ተሰልፈን ተራችንን ስንጠብቅ ጋሼ ታደለን አየሁት። ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እኔን አያየኝም። የወሰደው ሰው ስልኩን መልሶት ከሆነ አሁን እዚያ ክምር ውስጥ ነው፤ ቢጮህ ጋሼ ታደለ በዚች ቅጽበት ነጻ ይወጣል ብዬ አሰብሁ። ሁልጊዜ ሰው ልረዳ ስል ነው የምበላሸው። የራሴን ስልክ ከኪሴ አወጣሁና ደወልሁ።

ክራሩ ጮኸ።

እልል ልል ነበር። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞረ። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እኔም እንደነሱ ድምፁን ፍለጋ ግራ ቀኝ አየሁ። ከዚያ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የደነገጥሁ መሰለኝ። የሚንቀጠቀጠው ግን ፌስታሉ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ወደ እጄ ሲያይ እኔ ያየሁት ጋሼ ታደለን ነው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ፌስታሉን አየሁት። አፉ የታሰረው በማዳበሪያ ክር ነው። የእናቴ ነጭ ክር የለም። የሌላ ሰው ፌስታል ነው ያነሣሁት፤ የእኔን አመድ ይዞ በሰልፉ ውስጥ የቆመ ሰው አለ። ቀና ብዬ የሁሉንም እጅ ለማየት ስሞክር አንድም ፌስታል የለም። ሰዉ አመዱን መሬት ላይ ጥሎ እያጨበጨበ ነው።

አያ ፈንታ ጭራቸውን ከፍ አደረጉ። «ዕቃው ተመልሷል! ታደለ ንጹሕ ነው! የተመለሰ ዕቃ መንገዱ አይጠየቅም!»

«አያ፣ እኔ አይደለሁም!»

«ማን ጠየቀህ?»

«ፌስታሉ ተቀያይሮ ነው! ክሩን ይዩት!»

«ልጄ፣ ማን ጠየቀህ?» አሉኝ በፍቅር፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። ሕዝቡም በፍቅር ነው ያየኝ። ሰው ሲጠላህ ትከራከራለህ። ሰው ይቅር ሲልህ ምን ትላለህ? የከሰሰኝ ከሌለ መከላከያም የለኝም። ሌባው ስልኩን ቻርጅ ሞልቶት ነበር የመለሰው፤ ጨዋ ሰው ነው። ከመሃላቸው ቆሞ አብሮ አጨብጭቦልኛል።

የእናቴን ነጭ ክር ልፈልግ ስሄድ ልጆች ክምሩ ላይ ይጨፍሩ ነበር። ከስልኩ አሻራ ላንሣ ብል አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ እያቀበለ አስመርቆታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ምን ብዬ ልንገራችሁ። አባቴ ምንም አላለኝም። ስገባ ግን ስልኩን ከመስኮቱ ደፍ አንሥቶ ደረት ኪሱ ያስገባና የኪሱን ቁልፍ ይቆልፈዋል። አንድ ቀን ከገበያ አዲስ ስልክ ገዝቶ መጣና፣ የእኔ ደህናው ስልክ በእጄ እያለ፣ ፊቴን ሳያይ መጽሐፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አባ፣ ይህ ለምንድን ነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«አባ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ አል...»

«ማን ጠየቀህ ልጄ?» አለና ወጣ።

የቀረኝ ሳይንስ ነበር። ሪፖርቴን ሳልደብቅ ጻፍሁ፦ እበቱን፣ ደፉን፣ ጀሶውን፣ ፌስታሉን፣ ስልኩ የተገኘው በመርማሪው እጅ እንደሆነም ጭምር። ቢያንስ ቲቸር ዮናስ በማስረጃ የሚያምን ሰው ነውና ስለ ክሩ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ሪፖርቱን ለክፍሉ አነበበው። «በራሱ ላይ የሚመሠክር ማስረጃ ሳይደብቅ ማቅረብ ትልቅ ሐቀኝነት ነው» አለና ከክፍሉ ትልቁን ማርክ ሰጠኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ። በሕይወቴ በጭብጨባ የተቀበርሁ ሁለት ጊዜ ነው።

አጨዳው አለቀ። ጋሼ ታደለ ስሙ ከጠራ በኋላ እስከ መጨረሻው አጭዶ፣ ከአጫጆቹ ጋር አብሮ በልቶ፣ ወደ ጎጃም የሚሄድበት ቀን ደረሰ። አጫጆቹ የጭነት መኪናው ላይ እየወጡ ነው። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ቆሜአለሁ፤ ምን ዓይን አለኝና ልሰናበተው? ራሱ ጠራኝ።

«ና እስቲ ወዲህ፣ መርማሪው።»

ሄድሁ።

«ያ የእግሬ ጀሶ አለ?»

«አለ። ልሰብረው ነበር...»

«እንዳትሰብረው! አምጣው። ከቆላ ምን ይዘህ መጣህ ቢሉኝ እግሬን ይዤ መጣሁ እላለሁ።»

ሮጬ አመጣሁለት። በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቀፈው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ እንዳልወሰድኸው አውቃለሁ።»

«በምን አወቅህ? ማስረጃ አለህ?»

«ምን ማስረጃ አለ፣ ማስረጃው ሁሉ አንተ ነህ ይላል» አለ። «ክራሩ ሲጮህ ግን ከሰዉ ሁሉ ተለይተህ እኔን አየኸኝ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። እኔም አጫጆቹ ከአጠገቤ ሲነሡ እንደዚያ ነበርሁ።»

ወዲያው መኪናው ተነሣ። ተንጠላጥሎ ወጣና ከአጫጆቹ መካከል ተቀመጠ። ያን ጊዜ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ የታፈነብኝ ሁሉ አንድ ላይ ወጣና በአቧራው ውስጥ ከመኪናው ኋላ እየሮጥሁ ጮህሁ።

«ጋሼ ታደለ! እኔ አይደለሁም እኮ!»

ጀሶውን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘልኝ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣ ከላይ ሆኖ ጮኸ።

«አንተዬ፣ ማን ጠየቀህ!»